የኮርማው መርፌና የሁዳዴ ጾም

ጥር ፳፬፣ ዳንግላ፣ ጠዋት

ምላጩ ዛሬም ሥራ ፈት ነው። ፊቴን አረፋ አለበስኩ፣ ከላይ ወደ ታች ሳብኩ፣ የወረደው አረፋ ብቻ። ድሮ በየማለዳው ነበር የምላጨው። አሁን ሳምንት ብተወውም ጉንጬ የዲያቆን ጉንጭ ነው፤ ዕድሜዬ ግን አርባን ተሻግሯል። ደብተሬ ሆይ፣ በፍ/ቤት ጸሐፊነቴ መዝገብ ከፍቻለሁ። ከሳሽ፦ እኔ። ተከሳሽ፦ የገዛ ሰውነቴ። የክሱ ምክንያት፦ ጌታውን ጥሎ መጥፋት።

ትናንት የጊዮርጊስ ለት እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሁሉ ወጣ። አማቼ አቶ ደረሰ፣ የባለቤቴ አባት፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገራቸው የመጡት ፈረሰኞች አለቃ ናቸው፤ ዳማ ፈረስ አስጭነው ልጓሙን በእጄ ሰጡኝ። ቁርጥማት ይዞኛል አልኩ። ጉልበቴን ማሸት ነበረብኝ፤ ተሳስቼ ክርኔን አሸሁ። አማቼ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አገውኛ አልሰማም። እንግዲያው ስለ እኔ ነው።

ባለቤቴ አንጓች አልሳቀችም። ያ ነው የከፋው።

ጥር ፳፰

ተጠርጣሪዎች። አንደኛ፣ የምጠጣው ጠላ። ሁለተኛ፣ ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ፤ ዐይኑን አልወደውም፣ ጢሙም ከልክ በላይ ነው። ሦስተኛ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አንጓች። ገና ጎህ ሲቀድ ትንሽ ቅል ይዛ ከቤት ጀርባ ትዞራለች። ጥቁር ነገር ትጠጣለች ወይ ትደፋለች፣ አይለይም። ሳያት በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ጠየቅሁ። የሆድ መድኃኒት ነው አለች። ሆዱን የታመመ ሰው እሷ እንደምትበላው አይበላም። ከወጤ ትጨምርብኝ ይሆን?

ሌሎች ማስረጃዎች፦ ትናንት ችሎት ላይ፣ ከሳሽ እየማለ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ብዕሬ ግን አልተኛም፤ መስመሩን ተከትሎ እስከ ጠረጴዛው ሄዷል። ላብ ያለ ሙቀት ያጠምቀኛል። ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ደብተሬ ሆይ ዐይንህን ጨፍን፣ አልጋችን ለመኝታ ብቻ ሆኗል። ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችን። ልጅ የለም። አማቴ፣ የአንጓች እናት፣ ከግምጃ ቤት በየገበያው ሰው ይልኩና «ምን አዲስ አለ?» ያስብላሉ። አዲስ የለም። ነባሩም እየጠፋ ነው።

የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ልጅ እፈልጋለሁ። ይህን በሳቅ የምጽፍበት ቀለም የለኝም።

የካቲት ፪፣ ደ/ማርቆስ

ለፍ/ቤት ጉዳይ ነው የመጣሁት ተብሏል። ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ። አስተርጓሚው ወጣት፣ ትሑት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ሐኪሙ አስወለቀኝ፣ ነካካኝ (ዝርዝሩ በዝግ ችሎት ይታያል)፣ ደምና ሽንት ወሰደ። በጎረምሳነቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቀ። ይዞኛል። አብጦ ወደ ታች፣ ወደ ፍሬዎቼ ወርዶ እንደሆነ ጠየቀ። ወርዷል! ይህን ያወቀው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም በሕይወት የለችም። ማን ነገረው?

ከዚያ ሐኪሙ ተናገረ። ደብተሬ ሆይ፣ ስብከት ነበር። ጣቱን ቀሰረ፣ ሆዱን ነካ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ እጁን አጣጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ቀሰረ። አስተርጓሚው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ተረጎመ፦ ሰውነቴ የወንድነት ቅመም ጎድሎታል፤ መርፌው ይተካዋል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ አምፑል፣ ማለትም አንድ ብልቃጥ መድኃኒት፤ ከዚያ በላይ ክልክል። አለቀ።

ያ ሁሉ ንግግር የት ሄደ? እኔ የምስክር ቃል ጸሐፊ ነኝ። ቃል ሲጎድል ይሸተኛል። ሌላ ምን አሉ ብዬ ያዝኩት። «ይኸው ነው ጋሼ፤ በቃ ይኸው ነው።» ጋሼ የምትለዋ ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ካርቶን አምፑል ተሰጠኝ። ከመዝገቦች ሥር ሸሽጌ አመጣሁት።

የካቲት ፭፣ ዳንግላ

ተወጋሁ። ድሬሰር ይግዛው፣ የክሊኒካችን ሰው፣ የሐኪሙን ወረቀት እያየ መርፌውን ቀቀለ። አምፑሉን በመዳፉ አሞቀ፤ ዘይት ስለሆነ ቶሎ እንዲወርድ ነው አለ። በሆዴ አስተኛኝ። ከመቀመጫዬ ላይኛው ጥግ፣ ወደ ውጭ በኩል፣ ስፍራውን በጣቱ ለክቶ ወጋ። ከመግፋቱ በፊት ደም እንዳይመጣ ወደ ኋላ ሳበ። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። የሚቀጥለው በሌላው ጎን ነው ብሏል። ጥንቃቄው አስጠረጠረኝ። ሰው ለሰው እንዲህ የሚጠነቀቀው ምን ቢፈራ ነው?

ባዶውን አምፑል አሸተትኩ። ዘይት፣ ዘይት። የኑግ መጭመቂያው ያለው ከክሊኒኩ ማዶ ነው። ይግዛው ጥርጣሬዬ ገባውና ደረቱን ነፋ፦ «ዘይቱን ይተዉት ጌታው፤ ውስጡ ያለው የኮርማ ጉልበት ነው!»

ስወጣ ሰው አየኝ። በዚህ ከተማ መርፌ የሚወጋ ወንድ በሽታው አንድ ብቻ ነው፤ ከጠጅ ቤት ጓሮ የሚይዘው። ገና ሳልጠየቅ «ቁርጥማት ነው» አልኩ። ጥፋተኛ እንዲህ ነው የሚናገረው።

የካቲት ፲፭

ምላጩ ቆረጠኝ! ደም! አገጬን ይዤ ሳቅሁ።

ችሎት ላይ ነቅቼ ዋልኩ፤ ጠበቆቹ አልወደዱትም። እንቅልፌ እንቅልፍ ሆነ። ሌላውን በተመለከተ፣ ደብተሬ ሆይ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። ዛሬ አንጓች እህል ስታበጥር ስታንጎራጉር ሰማኋት። ዘፈኑ በአገውኛ ስለሆነ ይዘቱን ማጣራት አልተቻለም፤ ዜማው ግን ለእኔ ይፈርዳል።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። ይህ ጉልበት የማነው? የእኔ ነው ወይስ የኮርማው? ዛሬ በገበያ መንገድ አንድ ወይፈን አፍጥጦ አየኝ። ዘመድ ይመስል እጅ ነሳሁት።

የካቲት ፲፱፣ ቅበላ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ኮርማ ሥጋ ነው። የኮርማ ጉልበት የሥጋ ጉልበት ነው። በአፍ ባይገባ በመቀመጫ ገብቷል፤ መግቢያ በር ሕጉን አይለውጥም። ይህ የሕግ ሰው ሐሳብ ነው።

የንስሐ አባቴን አባ ወልዴን አማከርኩ፤ ለጓደኛዬ ነው ብዬ። አባ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከኮርማ መሆኑ ተረጋግጧል ወይ አሉ። ድሬሰሩ በአፉ አምኗል አልኩ። እንግዲያው ፍስክ ነው፣ እስከ ትንሣኤ ይቆይ፣ ደግሞም በሁዳዴ ጉልበቱ ለጓደኛህ ምን ያደርግለታል አሉ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። ሲሸኙኝ ቁርጥማቴን ጠየቁኝ። ያውቃሉ?

ይግዛውን አላማከርኩም። ሐኪሙንም። አንጓችንማ ጨርሶ።

መጋቢት ፲፪

ጉልበቴ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ ሄደ። ምላጩ ዐርፏል። ላቡ ተመለሰ። ከፋኝ፤ ያለ ምክንያት ዐይኔ እንባ ያቀራል። ይግዛው መንገድ ላይ አቆመኝና ቀጠሮው አልፏል አለ። ከፋሲካ በኋላ አልኩት። መድኃኒት ሥጋ አይደለም አለ። ከአባ ወልዴ ጋር ይሟገት።

አንጓች ምን ሆንክ አለች። ጾሙ ነው አልኩ። እሷም ትጾማለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ ወንዝ ትወርዳለች፣ ሰው ትጠይቃለች። ማንጎራጎሯን ተወች። ቅሏ ግን ያው ናት፤ በየጎሁ።

ሚያዝያ ፲፮፣ የፋሲካ ማግሥት

ውሳኔ ተሰጥቷል። በጾሙ ያመለጡኝ መርፌዎች ሦስት ናቸው። ሰው በፋሲካ የጾመውን ያህል ይበላል፤ ስለዚህ ያልተወጋሁትን ሁሉ ዛሬ እወጋለሁ። ክርክሩ የማይሸነፍ ነው።

ይግዛው አሸነፈው። ያለፈው አለፈ፣ ዛሬ የሚወጋው የዛሬው አንድ ብቻ ነው አለ። አምፑሎቹን ለራሱ አስቦ ይሆናል፤ ሰሞኑን ደስተኝነቱ በዝቷል። ካርቶኔን ነጥቄ ወጣሁ።

ከገበያው ጀርባ የቀድሞ ወታደሩ አሥር አለቃ ጎበዜ አለ፤ ሁሉን በሽታ በአንድ መርፌ የሚወጋ። መርፌውን ከደረት ኪሱ አወጣ። በአረቄ ጠረገው፣ የተረፈውን አረቄ ጠጣው። እሳት የለ፣ ውሃ የለ። እንደቆምኩ፣ ሦስቱንም፣ በአንድ ቦታ። ላብ አጠመቀኝ። ጀርባዬን መታ አደረገና «ወንድ!» አለኝ። ይህን ቃል ለመስማት ነበር የሄድኩት፤ ስሰማው ግን ቀፈፈኝ።

ሚያዝያ ፳

ፊቴ ቀይ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንጥረኛ ገብቷል። ጡቴ ጫፉ ሲነካ ያመኛል፤ ጡቴ! ዛሬ ዳኛው የጻፍኩትን ቀጠሮ ቢያርሙኝ ጮህኩባቸው። በዳኛ ላይ! ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፣ ከዚያ አየት አድርገውኝ ሳቃቸውን ተዉ።

ቤት ገባሁ። አንጓች ቅሏን ይዛ፤ ዛሬ ደግሞ ጎህ ብቻ አልበቃትም። ከእጇ ነጥቄ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ምን እያበላሽኝ ነው አልኩ። ጥቁሩ ነገር በጭቃው ግድግዳ ላይ ወረደ። አላለቀሰችም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ በቀሚሷ ያዘች። እንዲህ አይነት ሰው አልነበርኩም። ኮርማው ነው እላለሁ። የጮኸው ድምፅ ግን የእኔ ነበር።

በአንድ ጎኔ ብቻ ነው የምቀመጠው። ያ የተወጋሁበት ይፈጃል።

ሚያዝያ ፳፪

ሄደች።

ከጎበዜ ዘንድ ስወጣ ያየ ሰው ነግሯታል። ጎበዜ ዘንድ ምን የያዘው ወንድ እንደሚሄድ ደግሞ ማንም ያውቃል። ደጃፍ ቆማ ነጠላዋን አጣፍታ ጠየቀችኝ፦ «ከማን ያዘህ?»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ እውነቱን ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። እየጠበቀች ነበር። «ቁርጥማት ነው» አልኩ።

ወደ ግምጃ ቤት፣ ወደ አባቷ። ደብተሬ ሆይ፣ ይህን በትልቁ ጻፈው፦ ይህ ሰው ጎድሎኛል ከሚል ሴሰኛ ቢባል መረጠ።

ሚያዝያ ፳፮

ትኩሳት። እባጩ ቡጢ አክሏል። ይግዛው ማንም ሳይጠራው መጣ። ቀደደው። የወጣውን አልጽፍም። ፔኒሲሊን ወጋኝ፤ በሌላው ጎን፤ በተቀቀለ መርፌ። አንድም ጊዜ «ብዬህ ነበር» አላለም። ቢል ይቀለኝ ነበር። ጭነት መኪና ፈልጎልኝ ደ/ማርቆስ በሐኪሙ እንድታይ አዘዘኝ። መንገዱን ቆሜ እሄዳለሁ።

ግንቦት ፫፣ ደ/ማርቆስ

ሐኪሙ ቁስሉን አየ፣ ሦስቱን በአንድ ቀን ሲሰማ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም።

ያ ወጣት ዛሬም ሊተረጉም ቀረበ። አይሆንም አልኩ። የባለፈው ቃል ጎድሎብኛል፤ ሙሉ ቃሉ በሌላ ሰው ይሰማልኝ አልኩ። እንደ ችሎት። አንዲት ጠና ያሉ ነርስ መጡ፤ ወ/ሮ ብዙነሽ ይባላሉ። ክንዳቸውን አጣጥፈው ዐይን ዐይኔን እያዩ ያለ ምንም ይሉኝታ አራገፉት፦

መርፌው ከኮርማ አይደለም። ፋብሪካ የሚሠራው ነው። ዘይቱ የሰሊጥ ነው። («የጾም ነው እኮ!» አሉ ከራሳቸው ጨምረው፣ ሳቃቸው መጣ።) መድኃኒት አይዘለልም፣ የተዘለለም አይጠራቀምም። ሲበዛ ደም ያወፍራል፣ ራስ ያማል፣ ጡት ያሳብጣል፣ ሰው ያስቆጣል። ባልተቀቀለ መርፌ ደግሞ መቀመጫዬን ለመቅጣት የፈለግሁ እንደሆነ የቀረበ እሾህ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ ያንኑ አደረገ፤ ሕፃን እንደሚያቅፍ እጁን አጣጠፈ። ወ/ሮ ብዙነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መርፌው ጉልበት ይሰጥዎታል፤ ዘርዎን ግን ያስተኛዋል። መርፌ እየተወጉ ልጅ አይጠበቅም። ይህን መጀመሪያ ቀን ነግሬዋለሁ ይላሉ ዶክተሩ።»

ዞር ብዬ ወጣቱን አየሁ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ የሚሆን ሰው ፊት ስለ ዘር እንዴት ልናገር፣ አፈርኩ አለ። በክብር ነው ያጎደለው። እኔ ጎረቤቴን ጠርጥሬ፣ ይግዛውን ጠርጥሬ፣ ሚስቴን ጠርጥሬ፣ ከጠረጠርኩት ሁሉ እውነት የሆነው ይኸው አንዱ፤ እሱንም ሳልከታተል የተውኩት እኔው። ይጠቅመኝ የነበረውን ጥርጣሬ ብቻ ነው የጣልኩት።

ዘሬን በማጉያ መስታወት አዩ። ጥቂት ነው፣ ደካማ ነው፣ ግን አለ። ሐኪሙ ሁለት መንገድ አስቀመጠ። ልጅ ከፈለግሁ መርፌው ይቁም፤ ድካሙን ችዬ ወራት ልጠብቅ፤ ዘሩ ሊበረታ ይችላል፣ ላይበረታም ይችላል፣ ተስፋ እንጂ ዋስትና አልሰጥም አለ። ልጁ ከቀረ ደግሞ በልኩ፣ በጊዜው፣ ደሜ እየታየ መርፌው ይቀጥላል። የትኛውን አለኝ። የምመልሰው እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ። ወ/ሮ ብዙነሽ ይህን ሳይተረጉሙ በፊት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግንቦት ፯፣ ግምጃ ቤት

በር ላይ አማቼ። አጠገባቸው ፈረሰኞች። አማቼ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፣ ሰው ሳቀ። አሁንስ በቃኝ፤ ምን አሉ ብዬ በአማርኛ ጠየቅሁ። ዳማው ፈረስ ካንተ በቀር ሰው አያስጠጋም፣ ጊዮርጊስ ለትም ባትቀመጥበት አኩርፎ ነበር ነው ያልኩት አሉ። ጥር ላይም ያሉት ስለ ፈረሱ ኩርፊያ እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ፈረስ። ስንት ወር ሙሉ የፈረስ ቀልድ አኝኬያለሁ።

አንጓችን ከጓሮ አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት፤ መቀመጥ አልችልማ። ጆሮ ደግፉን፣ ምላጩን፣ ኮርማውን፣ ጾሙን፣ ጎበዜን፣ የተኛውን ዘር። ጨብጥ የለብኝም፣ ቁርጥማትም የለብኝም፤ የጎደለኝ ይህ ነው አልኩ። ኮርማውን በሁዳዴ መተዌን ስትሰማ ሳቀች። እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቀየረ።

ቅሉ። የመካን መድኃኒት ነበር። ከተጋባን ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየጎሁ ስትጠጣው፣ ስታስታውከው፣ ደግማ ስትጠጣው። ጥፋቱ የእሷ መስሏት። ለእኔ ያልነገረችኝ ይፈታኛል ብላ ፈርታ። አንድ ቤት፣ ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት መሸሸጊያ። እኔ ደግሞ ከግድግዳ ላይ ወረወርኩባት።

ይቅርታ ጠየቅሁ። ቁጣው የመርፌው ነው ወይ አለች። ግማሹ አልኩ። ግማሹን ወሰደችና ሌላውን ግማሽ ዕድሜህን ሙሉ ትከፍለኛለህ አለች።

ከዚያ እሷ ወሰነች፣ እኔ ፈረምኩ። መርፌው ይቁም። እስከሚመጣው የጥር ጊዮርጊስ እንጠብቃለን። ብደክም ደክሞኛል እላለሁ፤ ቢከፋኝ ከፍቶኛል። ልጁ ከመጣ መጣ። ካልመጣ አብረን ደ/ማርቆስ እንሄዳለን፣ ሐኪሙ ሲናገር እሷም ትሰማለች፣ ቃል የሚያጎድልባት አስተርጓሚ ካለ ይሞክራት። አምፑሎቹን ድሬሰር ይግዛው በክሊኒኩ ያስቀምጥ። ቅል የሚባል ነገር በቤታችን ከእንግዲህ ውሃ ብቻ ይቀዳበት።

ግንቦት ፰፣ ግምጃ ቤት፣ ማለዳ

ልንነሳ ነው። አማቼ ዳማውን ሰጡን። ቁስሌ ገና ስለሆነ መቀመጥ አልችልም፤ አንጓች ትቀመጣለች፣ እኔ ልጓም ይዤ በእግሬ። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፤ የማውቀው ሁሉ ያየናል። አማቼ በአቋራጭ፣ በወንዙ በኩል ብትሄዱስ አሉኝ፤ ለእኔ ክብር አስበው።  በገበያው እንሄዳለን አልኩ።

ምን ነካህ፣ ስለምን በእግርህ የሚለኝ አይጠፋም። ቁርጥማት አልልም። ደብተሬ ሆይ፣ ቃሉን እስቲ ካንተ ጋር ልለማመደው፦ መርፌ ተወግቼ ነው። ለምን? ወንድነቴ...

ኮርቻው ተጫነ፣ አንጓች ትጠራኛለች። የቀረውን ቃል ገበያው ላይ እጨርሰዋለሁ።